ከስኳር ጋር የተጠቀለለው ልብ ወለድ

የቡና አበባ ሲፈነዳ ዲላ ለሥራ አትመችም። ሽታው ከየጓሮው ተነሥቶ አስፋልቱ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሰውም በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆኖ ይውላል፤ ሰላምታ ሰጥቶ ማንን ሰላም እንዳለ ይረሳል። እኔ ጡረታ የወጣሁት የጂኦግራፊ አስተማሪ አልጣሽ፣ እንደዚያ ባለ ከሰዓት ሻይ ቅጠል ልገዛ ወጥቼ ካፊያ ያዘኝና ሐጂ ሙሐዲን ሱቅ ገባሁ። ካፊያው ወዲያው አባራ፤ እኔ ግን አልወጣሁም። አባትና ልጅ ሲከራከሩ ደርሼ ነበርና፣ ክርክር ካየሁ ደግሞ እግሬ አይነሣም። ይህን ጠባዬን ሠላሳ ዓመት ያስተማርኳቸው ሁሉ ያውቁታል።

ሐጂ ሙሐዲን አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው የከፈቱትን ሱቅ እስከ ዛሬ ሳይዘጉ የያዙ፣ ሚዛናቸው የማይታማ፣ ለሽምግልና ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም የሚጠሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው ኢክራ እኔ ዘንድ ተምራ አሁን ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ታጠናለች፤ ከትምህርት ስታርፍ አባቷን ታግዛለች።

ጠቡ በመጻሕፍት ነበር። ፌስታል ይቅር ከተባለ ወዲህ ሐጂ ስኳሩንም ምስሩንም በወረቀት መጠቅለል ጀምረዋል፤ ወረቀቱንም ከየሰፈሩ እየገዙ ያከማቻሉ። ወልደዮሐንስ የሚባል የቆየ መምህር ቤቱን ለቅቆ ወደ ልጁ ሲሄድ በካርቶን የታጨቁ መጻሕፍቱን ለእርሳቸው ሸጠላቸው። ሐጂም ቁጭ ብለው ለዩአቸው። ስለ ንግድ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ታሪክና ስለ እርሻ የተጻፉትን አቧራቸውን ጠርገው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡ። ልብ ወለዱን ግን ሽፋኑን እየገነጠሉ ሚዛኑ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ይሰኩት ጀመር። ስኳር ሲመዘን አንድ ቅጠል ይቀደዳል፣ ይጠቀለላል፣ ይሄዳል። ያልተነኩት ካርቶኖች ከጓዳው በር ሥር ተደርድረው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ኢክራም እንዲተዉላት ከጠዋት ጀምራ እየለመነች ነበር።

ሐጂ እኔን ሲያዩ ዳኛ ያገኙ መስሏቸው ፊታቸው በራ።

«ቲቸር፣ እንኳን መጡ፤ እርስዎ ይፍረዱ። የሌለ ሰው የሌለ አገር ሄዶ፣ የሌለች ሴት አግብቶ፣ በሌለ ሐዘን አለቀሰ ቢሉኝ እኔን ምን ይጠቅመኛል? ያልሆነ ነገር ውሸት ነው። ውሸት ስኳር ከያዘልኝ ከበቂ በላይ ጠቀመኝ።»

«አባዬ፣» አለች ኢክራ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «እውነት ያልከው መጽሐፍ ባለፈው ክረምት ምን እንዳደረገህ ለቲቸር ልንገራቸው?»

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ምስር መልቀም ያዙ። ነገሩን የነገረችኝ ኢክራ ናት። ከመደርደሪያው መጻሕፍት አንዱ፣ ደም ግፊት በቅጠላ ቅጠል ብቻ እንደሚድን፣ ኪኒን ግን የነጋዴ ወጥመድ እንደሆነ አስረድቶ የጻፈ ነው። ሐጂ ከዳር እስከ ዳር አነበቡት፤ የተጻፈውም ሁሉ «በጥናት ተረጋግጧል» ስለሚል አመኑት። ኪኒናቸውን ደብቀው ተዉ። አንድ ዓርብ ከመስጊድ ሲመለሱ ደጃቸው ላይ ወደቁ፤ ጎረቤት ደርሶ ባያነሣቸው ዛሬ እዚህ ባልተከራከሩም ነበር።

«ያ ሰውዬ ዋሸ፤ መጽሐፉ አልዋሸም፣» አሉ ሐጂ።

«ታዲያ የልብ ወለዱስ ሰውዬ መቼ ዋሸህ? ውሸት ‹እውነት ነኝ› ብሎ የሚመጣ ነው። ልብ ወለድ ገና በሩ ላይ ‹ፈጠራ ነኝ› ብሎ ስሙን ተናግሮ ነው የሚገባው። የትኛው ነው የሚታመን እንግዳ?»

በልቤ ጎሽ የኔ ልጅ አልኩ። በአፌ ግን አልቸኮልኩም፤ እኔም ብሆን የእውነተኛ መጻሕፍት ወዳጅ ነኝና። ስለዚህ ሰሞኑን ያነበብኳቸውን ሁለቱን ነገርኳቸው። አንዱ ስለ ወንዞች የተጻፈ ነው፤ ርዝመታቸውን፣ ጥልቀታቸውን፣ የሚያጠጡትን መሬት አንድ ሳያስቀር ይዘረዝራል። ደራሲው ለፍቷል፤ እኔም ብዙ ተማርኩበት፤ እውነቱን ለመናገር ግን ውሃ የለበትም፣ አንብቤ ስጨርስ ጠምቶኝ ነበር። ሁለተኛው በአውቶቡስ ተራ ትኬት ስለምትቆርጥ ሴት የሚተርክ ልብ ወለድ ነው። ሴትዮዋ ለዓለሙ ሁሉ መንገድ እየቆረጠች ራሷ አንድም ቦታ ሄዳ አታውቅም። መኪና ላይ ሆኜ ሳነበው ይርጋጨፌ ላይ መውረድ ሲገባኝ አልፌ ሄድኩ። መጨረሻው ችኩል ነው፣ ያን አልደብቅም፤ ከዚያ ወዲህ ግን የትኬት ቆራጭን ስም ሳልጠይቅ አላልፍም።

«እና ከሁለቱ የትኛው ይሻላል?» አሉ ሐጂ፣ እንደ ነጋዴ።

እኔም የቡና ማሳ አንድ ዓይነት ተክል ብቻ እንደማይበቅልበት የጌዴኦ ሰው ያውቃል ብዬ መለስኩላቸው፤ እንሰቱም ይኖራል፣ ከላይም ጥላ የሚሆን ዛፍ ይቆማል። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህ መልስ ለአስተማሪ እንጂ ለነጋዴ አይሆንም ማለታቸው ነው። ቀጥለውም ለኢክራ ቁርጡን ነገሯት፤ ካርቶኖቹ ነገ ይፈታሉ፣ ገበያ ቀን ነው፣ ወረቀት ያስፈልጋል። የልጅቷ ዓይን እንባ አቀረረ።

አሰፋች የገባችው በዚህ መካከል ነው።

አሰፋች የቡሌ ሰው ናት። ከደጋው ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በመኪና ወርዳ፣ ነጠላዋ በካፊያ እንደራሰ ባንኮኒው ፊት ቆመች። አማርኛዋ ለትልቅም ለትንሽም አንድ ነው፤ ሐጂንም «አንተ» ትላለች፣ ማንም አይቀየማትም።

«ሐጂ፣ ስኳር አልፈልግም። ወረቀት ነው የምፈልገው፣» አለችና ከብብቷ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ዘረጋች። የተጨማደደ የመጽሐፍ ቅጠል ነው፤ ጠርዙ ላይ ስኳር ደርቆበታል። «የዚህን ቀጣይ ስጠኝ።»

ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። እኔም በትከሻቸው በኩል አየሁት። ሁለት ወንድማማቾች ተኳርፈው ዓመታት አልፈዋል፤ ታላቁ አንድ ቀን ተነሥቶ ወደ ታናሹ አገር ይጓዛል። ቅጠሉም እንዲህ ብሎ ያበቃል፤ «ወንዙ ዳር ሲደርስ ውሃው ሞልቶ ነበር። ከማዶ የወንድሙ ቤት ጭስ ይታያል። ጫማውን አወለቀ፤ ከዚያም»

ነጥብ እንኳ የለውም።

«ይሄማ ተረት ነው፣ እኅቴ፣» አሉ ሐጂ በትሕትና። «እውነት የሆነ ነገር አይደለም። ሰው ከልቡ ያወጣው ነው።»

«አውቃለሁ፣» አለች አሰፋች። «እውነት እንዳልሆነማ ልጄ ሀኒም ነግራናለች። ቶሌራም ያውቃል።»

ከዚያ ነገሯን በዝግታ ዘረገፈችው። ቶሌራ ባሏ ነው። እርሱና ታናሽ ወንድሙ አጥር ለአጥር ይኖሩ ነበር። አባታቸው በድንበሩ ላይ የተከለውን ዋንዛ ታናሹ ሳያማክር ቆርጦ ለጣውላ ሸጠው። በጌዴኦ አባት የተከለው ዛፍ አባት ማለት ነው፤ ቶሌራ ከዚያን ቀን ወዲህ የወንድሙን ስም በአፉ አልጠራም። ሶንጎ በሚባለው ሸንጎ ላይ ሽማግሎች ቢቀመጡም እሺ አላለም። አሁን ታናሹ ዲላ ሆስፒታል ተኝቷል፤ የሚተርፍም አይመስልም። «ወንድሜን አምጡልኝ» ይላል። ቶሌራ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከቤቱ አይነቃነቅም።

ልጃቸው ሀኒ ስኳሩን ገልብጣ ወረቀቱን ድምፅ አውጥታ ያነበበችው እንዲሁ ለጨዋታ ነበር። ስታበቃ ከግድግዳው በኩል «እና?» የሚል ድምፅ ተሰማ። በማግስቱ ቶሌራ እሳት ዳር ተቀምጦ፣ ሰውየው ሞኝ ነው፣ ደጅ ድረስ ደርሶ ምን ያቆመዋል አለ። ደግሞ ቆይቶ፣ እርሱም ቢሆን ተበድሏል አለ። ከራሱ ጋር እንዲህ ሲሟገት ሰነበተ። ስለ ወንድሙ አንድ ቃል ያልወጣው ሰው ስለዚያ ስለሌለ ሰው ሲያወራ ውሎ ያድራል። ዛሬ ንጋት ላይ አሰፋች እባክህ እንሂድ ብትለው የመለሰላት ይህን ነው፤ «ያ ሰው ምን እንዳደረገ ሳልሰማ አልሄድም።»

«ስጠኝ ሐጂ። ሰውየው እየሞተ ነው፣» አለች።

ሐጂ ወደ ምስማሩ ዞሩ። እዚያ የተሰካው ሌላ መጽሐፍ ነበር። ያኛው አልቋል። ገጾቹን በሐሳባቸው ተከትለው ሊያገኟቸው ሞከሩ፤ አንዱ ከዱመርሶ ለመጡ ገበያተኞች ከጨው ጋር ሄዷል፣ ሌላው ይርጋጨፌ ለወረደ ሾፌር፣ ሌላው ለማን እንደሆነ አላህ ይወቀው።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ በዚያች ደቂቃ ከሱቁ ውስጥ አልነበርኩም። ያ መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል ሆኖ በየኮረብታው ሲሄድ ታየኝ። አንዱ ቤት የሰውየውን ልጅነት ይዟል፤ ሌላው ቤት ጠቡን ይዟል፤ አሰፋች ዘንድ ወንዙ አለ፤ መሻገሩን የያዘው ሰው ግን የት እንዳለ አይታወቅም። ሁሉም ጭላንጭሉ ሥር ተቀምጦ ወረቀቱን ገልብጦ ያያል፣ ቀጣዩ ግን የለም። አገሩ በሙሉ አንድ መጽሐፍ ተካፍሎ እያነበበ ነው፣ እርስ በርሱም አይተዋወቅም። የቡና አበባው ሽታ በበሩ ገብቶ ጭንቅላቴን አዙሮት ይሆናል።

ያነቃኝ የኢክራ ድምፅ ነው።

«አባዬ፣ አንተ ንገራት።»

«ምን ልንገራት? አላነበብኩትም!»

«ባለፈው ዓመት ዘከርያንና አማቹን ስታስታርቅ የአንድ ጉድጓድ ታሪክ ነግረሃቸው ነበር። ሁለት ጎረቤቶች የሚጋሩት ጉድጓድ፤ አንዱ ሌላውን ጠልቶ ድንጋይ ሲጥልበት ሁለቱም ተጠሙ። ሁለቱም አልቅሰው ታረቁ። ያ ጉድጓድ የት አገር ነው ያለው?»

ሐጂ የሚዛኑን ድንጋይ አንሥተው መልሰው አስቀመጡ።

«የለም፣» አሉ በመጨረሻ። «ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት። ዘከርያን ‹አጥፍተሃል› ብለው ይነሣብኛል። ስለ ጉድጓዱ ብነግረው ግን ራሱ ይፈርዳል።»

«ዋሽተሃቸው ነበር?»

«ወላሂ አልዋሸሁም! እነሱም እኮ ያውቃሉ። ነገር በምሳሌ ይባላል እኮ...» ብለው ጀመሩና የተረቱን ሁለተኛ ግማሽ፣ የጠጁን ነገር፣ ዋጥ አደረጉት። ከዚያ ልጃቸውን አዩአት፣ እኔን አዩኝ፣ ካርቶኖቹንም አዩአቸው። የፊታቸው መልክ ሲለወጥ አየሁት፤ ሸጬዋለሁ ያሉት ዕቃ የራሳቸው መሆኑን ያወቁ ሰው መስለው ነበር።

ወደ አሰፋች ዞረው በርጩማ ሰጧት። ራሳቸውም ተቀመጡ።

«እኅቴ፣ ሳልደብቅ ልንገርሽ። ቀጣዩን ገጽ እኔ ቀድጄ ሸጬዋለሁ፤ ጸሐፊው ምን እንዳለ አላውቅም። አሁን የምነግርሽ እኔ እንደመሰለኝ ነው። ለቶሌራም ይህንኑ ንገሪው፤ ‹ሐጂ እንደመሰለው ነው› በይው።»

«እሺ፣» አለች።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ጫማውን አወለቀ። ከዚያም ፈራ። ውሃውን ሳይሆን ወንድሙን ነው የፈራው። ‹በሩን ቢዘጋብኝስ?› አለ። ሊመለስ ጫማውን አነሣ። ያን ጊዜ ጭጋጉ ገለጥ ሲል ከማዶ ሰው ቆሞ አየ። ወንድሙ ነው። ሲያየው፣ እርሱም ጫማውን በእጁ ይዟል።»

አሰፋች ወደ ፊት ጠጋ አለች። «ማን ቀድሞ ገባ?»

ሐጂ አሰቡ። «ታላቁ፣» አሉ። «ታላቅነት ለመቼ ነው?»

ሴትዮዋ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ነጠላዋን ሰብስባ፣ ሁለቱን እጆቿን ዘርግታ የሐጂን እጅ ጨበጠችና ወደ መናኸሪያ ገሰገሰች። በማግስቱ፣ በገበያው ቀን፣ የካርቶኖቹ ጉዳይ አልተነሣም። ሐጂ ለገበያተኛው ሁሉ ያለ ወረቀት እየመዘኑ፣ ዕቃ ካላችሁ አምጡ ሲሉ ዋሉ።

ቀናት አለፉ። እኔም ሻይ ቅጠል ሳያልቅብኝ ሻይ ቅጠል እየገዛሁ ተመላለስኩ፤ ወሬ ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። አንድ ረፋድ ሦስታችንም እዚያው ሳለን አንድ ረጅም፣ ጋቢ የለበሰ ሰው ረጅም ዱላ ይዞ ገባና «ሐጂ ሙሐዲን ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«ቶሌራ እባላለሁ። ተሳስተሃል።»

ሐጂ ደነገጡ። «ምን አጠፋሁ?»

«አንተ የሱቅ ሰው ነህ፤ ወንዝ አታውቅም። የሞላ ወንዝ ጫማ ስላወለቁ ብቻ አይገባበትም፤ ውሃው ይወስድሃል። ዱላ ይያዛል። አንዱ ዱላውን ይዘረጋል፣ ሌላው ይይዛል፤ እንዲያ ነው የሚሻገሩት። አሰፋች ስትነግረኝ ተናደድኩ። ይህን እንኳ የማያውቅ ሰው አልኩ። ዱላዬን አንሥቼ መጣሁ።»

«ወደ እኔ?»

«መጀመሪያ ወደ ሆስፒታል። ደረስኩበት። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ፣ ምን እንደምለው ጠፋኝ፤ ታሪኩን ነገርኩት። የዱላውንም ነገርኩት። ሳቀ። ‹እኔ እኮ ዛፉን የቆረጥኩት ሀፍረት ይዞኝ ነው፣ ልጄ ታሞ ነበር፣ ልለምንህ አልቻልኩም› አለኝ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ጠይቄው አላውቅማ። አብረን ሰነበትን። ትናንት ቀበርነው።»

ሐጂ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብለው ከባንኮኒው ወጥተው አቀፉት። እኔም አለቀስኩ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፣ የኔ ደግሞ ሞልቶ ፈሰሰ። ኢክራ ወንበር አመጣች። ቶሌራ ግን አልተቀመጠም፤ ለቅሶ ቤቱ እየጠበቀው ነበርና ተመልሶ ወጣ።

ሐጂ ምስማሩ ላይ የቀረውን መጽሐፍ በቀስታ አወረዱት፤ ጠርዙን በመዳፋቸው አቃኑት።

«ቲቸር፣» አሉኝ፣ «እኔ ስንቱን ሰው ወንዝ ዳር ትቼዋለሁ?»

እኔም ቤቴ ሄጄ ሠላሳ ዓመት ያከማቸሁትን የጂኦግራፊ ፈተና ወረቀት አምጥቼ ምስማራቸው ላይ ሰካሁት። ይኸው እስከ ዛሬ የደጋው ስኳር «የምድር ወገብ የሚያልፍባቸውን አገሮች ጥቀሱ» በሚል ጥያቄ ተጠቅልሎ ይወጣል። ካርቶኖቹ ተፈቱ፤ ኢክራ ልብ ወለዱንና የእውነቱን መጽሐፍ ሳትለይ ጎን ለጎን ደረደረቻቸው። ማንም ይወስዳል፤ ክፍያው አንድ ነው፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ መጥቶ ያነበበው መጽሐፍ ምን እንደመሰለው መናገር።

ጥቅሙን በዓይኔ ስላየሁ ሳልናገር አላልፍም። ሐጂ «በጥናት ተረጋግጧል» የሚል ገጽ ሲያጋጥማቸው ጣታቸውን አስገብተው ኢክራን ይጠራሉ፤ ኪኒናቸውንም ይውጣሉ። ልብ ወለድ ብቻ ታነብ የነበረችው ጎረቤታችን ሀምዲያ ስለ ንብ እርባታ ወስዳ አንብባ፣ ጸሐፊው ንብ ነድፎት አያውቅም ስትል ፈረደችበት፤ ቀፎ ግን ሰቀለች። ቤታቸው ያለ ጠብ የማይነጋላቸው ባልና ሚስት አንድ መጽሐፍ ወስደው በመጽሐፉ ሰዎች ላይ ተጣሉ፤ በራሳቸው ላይ መጣላት የቀነሱ ይመስለኛል። መጽሐፍ አንብቦ አስተያየቱን የሚደብቅ ሰው እህሉን ሳይዘራ ጎተራ ውስጥ እንደሚያስነቅዝ ገበሬ ነው። መጥፎ ነው በሉ፣ ጥሩ ነው በሉ፣ ብቻ ምክንያታችሁን ይዛችሁ ወደ ሰው ውጡ።

ባለፈው ሐሙስ ጭጋጉ እስከ አስፋልቱ ወርዶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በር ላይ ተሰብስበን ነበር። ኢክራ አባቱን ሳይሰናበት ስለተሰደደ ሰው የሚተርክ ልብ ወለድ አንብባ ለሰውየው ጥብቅና ቆማ ትናገራለች። ከኋላችን አንድ ድምፅ «ተሳስቷል» አለ። ቶሌራ ነው፤ ያንኑ መጽሐፍ ሀኒ ቤታቸው ስታነብለት ሰምቶ ከቡሌ ወርዷል። ሁላችንም ስንዞር አፈረና ዱላውን መሬት ላይ እያንቀሳቀሰ፣ «እኔ እንኳ ማንበብ አልችልም» አለ።

ሐጂ ሙሐዲን ተነሥተው የራሳቸውን ወንበር ሰጡት።

«ተቀመጥ፣» አሉት። «ለምን ተሳሳተ?»